የማፍሰሻው ሮንዴላ

«አንድ ባለጀልባ ነበረ» አሉ መሪጌታ ልሳነወርቅ።

አንጓች የጠየቀቻቸው ስለ ጀልባ አልነበረም። «የኔታ፣ ከታላቅ እህቴ ጋር ሽማግሌ ያላስታረቀን ጊዜ የለም። ይቅር ስል ከአንጀቴ ነው። ወር ሳይሞላ ግን ፀቡ ተመልሶ ቁጭ ይላል። እሑድ ልጇን ትድራለች፤ እዚያም ተጣልተን ሠርጉን እንዳናበላሽ ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?» ነበር ያለቻቸው። መሪጌታ ግን ጥያቄን ፊት ለፊት መመለስ አይወዱም። ሐይቅ ዳር ስላደጉ ነገራቸው ሁሉ ወደ ውሃ ይሄዳል።

«ይህ ሰው መንገደኛ ወደ ደሴት እያሻገረ ነበር የሚኖረው። ጀልባዋ አሮጌ ናት። ሞተሯ ከውስጥ ነው፤ ከኋላዋ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚገባ የብረት ሳጥን ተንጠልጥሏል። በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ማርሾች የሞተሩን ጉልበት ተቀብለው ውሃውን ለሚገፋው ፕሮፔለር ያቀብላሉ። ማርሾቹ የሚኖሩት ዘይት ውስጥ ነው። ውሃ ከገባባቸው ዘይቱ ይነጣል፣ ወተት ይመስላል፤ ጥርሳቸውም እየተበላ ይሄዳል። ያ ከደረሰ ጀልባዋ ዳር ላይ ቀረች፣ ቤተሰቡም ጾሙን አደረ ማለት ነው።

«አንድ ቀን የሳጥኑን ማፍሰሻ ቡሎን ፈትቶ ቢያይ ዘይቱ ነጭ ሆኗል። ደነገጠ። ሰነፍ እንዳይመስልሽ፤ ሳጥኑን አውርዶ ፈታታው፣ በናፍጣ አጠበው፣ በዘንጉ ዙሪያ ውሃ የሚከለክሉትን ጎማዎች ሁሉ በአዲስ ለወጠ፣ ሲገጥመውም መጋጠሚያውን ማስቲሽ ቀባው። አዲስ ዘይት ሞላ። ከጥቂት ምልልስ በኋላ ቡሎኑን ፈታ፤ ዘይቱ ነጭ! እንደገና አወረደ፣ እንደገና ለወጠ። ያው ነው። ‹የዘንድሮ ጎማ ጎማ አይደለም› ብሎ ሻጩን ረገመ። ጀልባዋን የሸጠለትን ሰውዬም አልማረውም። የደሴቲቱ ንግሥ ደርሷል፤ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ገበያ ሊያመልጠው ነው።

«‹ከመለወጥህ በፊት ውሃው በየት እንደሚገባ ለምን አናይም?› ያለችው ሚስቱ ናት። ሳጥኑን እንደ ልማዱ ገጣጥሞ ቡሎኑን አጠበቀና ውሃ በሞላ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ነከሩት። በሳጥኑ አናት ባለው ቀዳዳ ቱቦ ገጥሞ በብስክሌት መንፊያ አየር ይነፋበት ጀመር። ዓይኑን ዘንጉ ላይ ተክሏል። ከዘንጉ ምንም የለም። ከመጋጠሚያውም ምንም። ሚስቱ ጎንበስ አለችና ‹ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አረፋው ከዚህ ነው!› አለችው። አረፋው ይወጣ የነበረው ራሱ እየፈታ ከሚያጠብቀው ከማፍሰሻው ቡሎን ሥር ነው።

«እዚያ ሥር ውሃ እንዳያልፍ የምትቀመጥ፣ የጣት ቀለበት የምታህል ሮንዴላ አለች። ቡሎኑ በተፈታ ቁጥር በአዲስ ትለወጣለች። ይሄ ሰው ግን ‹ምን ሆነች?› እያለ ያችኑ አሮጌ እያገላበጠ ይመልሳት ነበር። ውሃ መግባቱን ሊያይ በፈታ ቁጥር ውሃው የሚገባበትን ራሱ ሲያሰፋ! እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አዲስ ሮንዴላ አስገባ። በንግሡ ምእመናኑን ሲያመላልስ ሰነበተ። በኋላ፣ ሌላ አዲስ ሮንዴላ በእጁ ይዞ ቡሎኑን ቢፈታ ዘይቱ ማር መስሏል።»

መሪጌታ ወደ አንጓች ዞሩ። «አሁን ንገሪኝ። ሽማግሌዎቹ ይቅር ተባባሉ ሲሏችሁ ምን ትያለሽ?»

«ይቅር ብያለሁ እላለሁ።»

«ከዚያስ?»

አንጓች ነጠላዋን አስተካከለች። «ከዚያማ፣ ጥፋቱ የእሷ እንደነበረ ግን ይታወቅልኝ እላለሁ።»

«በየእርቁ?»

«በየእርቁ።» ራሷንም ሳቅ አመለጣት።

«ይኸውልሽ፣ ልጄ። ይቅርታሽ ደህና ዘይት ነው። ሽማግሌዎቹም ሥራቸውን አላጎደሉም። ቂሙ የሚገባው በዚያች ቃል ነው፤ በታረቃችሁ ቁጥር ያችኑ አሮጌ ሮንዴላ ትመልሻታለሽ። እሑድ ይቅርታሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ያችን ቃል ግን ወርውሪያት።»

«ጥፋቱ እኮ የምር የእሷ ነበር፣ የኔታ።»

«አውቃለሁ» አሉ መሪጌታ እየሳቁ። «ሮንዴላዋም እኮ የምር የቡሎኑ ነበረች። ጣያት።»