የማትነሳዋ ፊያት

አንድ ሰው በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የአባቱን ጋራዥ ሙዚየም አደረገው። አያቱ የመኪና ተወዳዳሪ ነበሩ፤ አባቱም፣ አጎቱም እንደዚያው። ከአብዮቱ በፊት የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት አቧራ እያስነሱ ወደ ሐረር ሲወጡ፣ ዛፍ ላይ የወጣው ተመልካች ሳይቀር በሁለት እጁ ያጨበጭብላቸው ነበር። የወደቀም አለ ይባላል።

ልጅየው ይህ ሁሉ እንዳይረሳ ፈራ። ዋንጫዎቹን ወለወለ። ፎቶዎቹን በመስታወት ውስጥ ሰቀለ። የአባቱን ቀይ ፊያት አጥቦ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በነጭ ሴራሚክ ወለል መካከል አቆማት። ዙሪያዋን ገመድ አሰረና «መንካት ክልክል ነው» ብሎ ጻፈ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ የእናቱ ምርቃት። እሳቸው ሳይመርቁ በሩን ለሕዝብ ሊከፍት አልፈለገም።

ወይዘሮ አስካለ የቤት እመቤት ብቻ አልነበሩም። ባላቸው ሲነዱ በቀኙ ወንበር ተቀምጠው መንገዱን እየጮኹ ይነግሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ኩርባው የት እንደሚጠብ፣ ጠጠሩ የት እንደሚያንሸራትት በቃላቸው ያውቁት ነበር። ሰፈርተኛው «ረዳቷ» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

በመክፈቻው ቀን ዘመድ ወዳጅ ተሰበሰበ። እናት ከፎቶ ወደ ፎቶ በዝግታ ሄዱ። አንዱ ጋ ሳቁ፤ ሌላው ጋ ብዙ ቆዩ።

«እንዴት ነው፣ እማዬ?»

«ንጹሕ ነው።»

ንጹሕ ብቻ? ያን ያህል ለለፋ ልጅ ይህ ምርቃት ነው?

ከዚያ ጎንበስ ብለው በገመዱ ሥር አለፉ።

«እማዬ! አይነካም እኮ!»

«ለእኔም ነው የጻፍከው? ዞር በል አቦ!»

የቀኙን በር ከፍተው ተቀመጡ። ዳሽቦርዱን ዳበሱት። «ና ግባ» ብለው በአባቱ ወንበር አስቀመጡት። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«በል አንሳ!»

ልጁ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «እሺ እማዬ፣ ፈገግ በይ።»

እናት ዓይናቸውን ገለጡ። «ፎቶ ማን አለህ? መኪናዋን!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጁ ግን አልሳቀም።

«አትነሳም።»

«ምን ሆና?»

«ምንም። ወለሉ እንዳይቆሽሽ ዘይቷንም ቤንዚኗንም አንጠፈጠፍኩት፤ ባትሪዋንም አወጣሁት። ሙዚየም ነው እኮ፣ እማዬ።»



«ታዲያ ለምን መርቂ ትለኛለህ? ለማይነሳማ ነፍስ ይማር ነው የሚባለው።»

 ሰውየው አንድ ነገር ትዝ አለው። በልጅነቱ የሚወደው ዋንጫውን አልነበረም። አባቱ ከጋራዥ ሲመለሱ ገና ከመንገዱ ማዶ የሚሰማው የዚያች ሞተር ድምፅ ነበር። ያን ድምፅ ያጠፋው ሌላ ማንም አይደለም፤ ራሱ ነው።

ኮቱን አወለቀ። እንግዶቹ እየጠበቁት ዘይት ሞላ፣ ቤንዚን ጨመረ፣ ባትሪውን አሰረ። ቁልፉን አዞረ። ተንተፋተፈች፤ ጠፋች።

«አይዞሽ» አሉ እናት፣ ለመኪናዋ።

ደግሞ አዞረ። ተነሳች! ጭሱ ፎቶዎቹን ሸፈነ። ጥቁር ዘይት ነጩ ሴራሚክ ላይ ጠብ አለ። እናት በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ፦ «ቀኝ! ጠባብ ነው፣ ቀስ! በል አሁን ልቀቃት!» ከዚያም እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ ጭነው፣ «የአባትህን መንገድ አይንሳህ» አሉት።

ምእመናን፣ በዚህ ሰው አንፍረድበት። መጠበቁ መልካም ነው። ያልጠበቀ ሰውማ ምኑን ያስነሳል? ግን እኛስ? የአባቶቻችንን ጸሎት የት አቆምነው? የእናታችሁን ዳዊት በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣችሁታል። መቼ ተከፈተ? የአባታችሁን እንግዳ ተቀባይነት ለሰው ትተርካላችሁ። ትናንት በራችሁን ላንኳኳው ማን ከፈተለት? ወለላችን ንጹሕ ነው፤ አዎ። ምንም ስላልሠራንበት ነው።

ቤት ስትደርሱ ያን ጨርቅ ፍቱት። ገጹ በእጃችሁ ላብ ይቆሽሽ። ብትንተፋተፉም ደግማችሁ ሞክሩ። ልጆቻችሁ አያታቸው ይጸልዩ እንደነበር ሰምተዋል። ጸሎቱን ግን ከእናንተ አፍ አልሰሙትም። ዛሬ ይስሙት።