መነሻውን የማያውቀው ደብተራ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር አድማሱ። ከዚያ የያዙትን ባቄላ መፈልፈል ቀጠሉ።

ማኅደር ጠበቀች። መምህር አድማሱ ሲጠየቁ ቶሎ አይመልሱም፤ ሲመልሱም የተጠየቁትን አይመልሱም እያሉ ያስተማሯቸው ሁሉ ያሟቸዋል። በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ከዚያ በፊት፣ በልጅነታቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበሩ። እሷ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ለአገር አቀፉ ፈተና የቀራት ስድስት ሳምንት ነው። ግቢያቸው ገብታ፣ ሰላምታ ሰጥታ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጣ የጠየቀቻቸው ይህን ነበር፦ «መምህር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተምሬ ለምንድን ነው አንድም ነገር አእምሮዬ ውስጥ የማይቀመጠው? ለማስታወስ የሚረዳ ዘዴ ካለ ይንገሩኝ።»

ያልነገረቻቸው ነገር ነበር። ሐሙስ ዕለት የሒሳብ አስተማሪዋ የቤት ሥራ ደብተሯን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየና «አምስተኛውን ጥያቄ የሠራው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ማኅደር፣ ነይ ሥሪልን» አላት። ጠመኔውን ተቀብላ ሰሌዳው ፊት ቆመች። መልሱን ታውቀዋለች፤ አሥራ ሰባት ነው። ከየት እንደሚጀመር ግን አታውቅም። «ራሴን አሞኛል» አለች። አስተማሪው አዘነላት። ጓደኛዋ ቤዛዊት ሮጣ ውኃ አመጣችላት። ማኅደር የቤት ሥራውን የገለበጠችው ከቤዛዊት ደብተር ነበር፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮም ስትገለብጥ የኖረችው ከእሷው ነው።

መምህር አድማሱ እንደገና ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ደብተራ ነው። በአንድ ትልቅ ደብር ውስጥ ሠላሳ ከሚሆኑ መዘምራን ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ቆሟል። ድምፁ ያማረ ነበር። ማኅሌት ሲቆም እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አንዱ ዜማውን ያነሣል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ይህ ሰው ሁልጊዜ ተቀባይ ነበር። ገና ሲገባ አጠገቡ የሚቆመውን ሰው ይመርጣል፤ በደንብ ከሚያውቅ ሰው በስተግራ ይቆማል። ያ ሰው አፉን ሲከፍት ዓይኑን ከንፈሩ ላይ ይተክላል፤ የመጀመሪያዋን ቃል ያሳልፍና ከሁለተኛዋ ይገባል። መቋሚያውን ከሰው እኩል ያነሣል፣ ከሰው እኩል ያወርዳል። ማንም ነቅቶበት አያውቅም። እውነቱን ለመናገር እሱም ራሱ አልነቃም፤ ይህን ሁሉ ዜማ የማውቅ ሰው ነኝ ብሎ እየተኛ እየተነሣ ኖረ። የደብሩ መምህር ተማሪውን ለየብቻ አቅርበው የሚጠይቁበት ቀን ሲደርስ ግን አንድ ነገር ይገጥመዋል። ወይ ጉንፋን ይይዘዋል፣ ወይ አክስት ትሞትበታለች። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት አክስት እንደቀበረ እግዜር ይወቅ።

ማኅደር ሳቀች። መምህር አድማሱ አልሳቁም።

ይህ ሰው እናት ነበረችው። ወንዝ ማዶ ባለች ትንሽ መንደር ከታናሽ እህቱ ጋር ትኖራለች። ለጎረቤቱ ሁሉ «እኔ ስሞት ከሌላ አገር ደብተራ አትለምኑ፤ የሚሸኘኝ የገዛ ልጄ ድምፅ ነው» ትል ነበር። ለበዓል ሲመጣ አጠገቧ ታስቀምጠውና «እስቲ አንዲት ነገር በልልኝ» ትለዋለች። እሱም «ዜማ ለብቻ አያምርም እማዬ» ይላታል። «እውነትህን ነው» ትላለች፤ ታምነዋለች።

ሐምሌ ላይ ታመመች። ተልኮበት ሲመጣ ወንዙ ከጉልበቱ አላለፈም ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፈች። ያን ዕለት ወንዙ ሞልቶ ዛፍ ይነቅል ስለነበር ከማዶ ሰው የሚመጣበት መንገድ አልነበረም። በመንደሯ ቤተ ክርስቲያን ያሉት አንድ ዕድሜ የተጫናቸው ቄስና አንድ ዲያቆን ብቻ ናቸው። ቄሱ ግን አልተጨነቁም። «ምን ቸገረን፣ ልጇ አለ» አሉ።

አስከሬኑን አምጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አኖሩት፤ ሕዝቡም ዙሪያውን ቆመ። ቄሱ የራሳቸውን ድርሻ ከመጽሐፍ አነበቡ። የሰውየው ድርሻ በቃል የሚባል ነው። ቄሱ መጽሐፋቸውን አጥፈው ወደ እሱ ዞሩ። «አንሣ ልጄ» አሉት።

ሰውየው እንደ ልማዱ ወደ ቀኙ ዞረ። በስተቀኙ የቆመችው እህቱ ናት፤ ታለቅሳለች። አፉን ከፈተ። የዜማው መጨረሻ ይታወሰዋል፣ መካከሉም ይታወሰዋል፤ የመጀመሪያዋ ቃል ግን የለችም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያሳልፋት የኖረ ቃል ናት፤ ዛሬ ከየት ትምጣለት? ሌላ ዜማ ሞከረ። የእሱም መነሻ የለም። የሚያውቀው ሁሉ መጨረሻ መጨረሻው ብቻ ሆነበት። እናቱ እግሩ ሥር ተኝታ ትጠብቃለች።

መቋሚያው ላይ ተደገፈ። ይህን ሲያይ ሕዝቡ አለቀሰ። «ሐዘን ጉሮሮውን ዘጋው፤ እንዴት ቢወዳት ነው» ተባባለ። እህቱ ክንዱን ይዛ «ይብቃህ ወንድሜ፣ እሷ ሰምታሃለች» አለችው። ሰውየውም አዎ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። በዕድሜው ካጠፋው ጥፋት ሁሉ የሚብሰው ያ ራስ መነቅነቅ ነው። ቄሱ በሰለለ ድምፃቸው የቻሏትን ያህል ካሉ በኋላ እናቱ ተቀበረች።

ማኅደር አንገቷን ደፋች። ጆሮዋ ድረስ ሲግላት ይሰማታል። እኚህ ሰው የሐሙሱን ነገር ከየት ሰሙ ብላ አሰበች፤ ከማንም ሊሰሙ እንደማይችሉም ታውቃለች። መምህር አድማሱ ወደ እሷ ሳያዩ ቀጠሉ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ አጽናናው። ለእናቱ የተሰበረ ልጅ እያሉ ከሐዘንተኛው ሁሉ አስበልጠው እሱን አጎረሱት። እያንዳንዷ ጉርሻ አንገቱ ላይ ትቆምበት ነበር። ሰውየው እፍረት የሚመጣው ሰው ሲሰድብ ብቻ ይመስለው ነበር፤ ሰው ሲያዝን የሚመጣው እንደሚብስ ያን ጊዜ አወቀ።

በሠልስቱ ዕለት ለቀስተኛው ዳሱ ውስጥ ተሰብስቦ ሳለ ሰውየው ተነሥቶ ቆመ። «ያን ቀን ጉሮሮዬን የዘጋው ሐዘን አይደለም» አለ። «አላውቀውም ነበር። አንዱንም ዜማ ማንሣት አልችልም።»

የሰደበው የለም፣ ያጽናናውም የለም። እህቱ ብቻ ቀስ ብላ ጠየቀችው፤ «ታዲያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የት ነበርክ?»

«ከሰው ጋር» አላት።

ወንዙ ሲጎድል ተሻግሮ ወደ ደብሩ ተመለሰ። መዘምራኑ መካከል ግን አልገባም። መምህሩ እግር ሥር ከትናንሽ ተማሪዎች ጋር ተቀምጦ «መነሻ መነሻውን ያስተምሩኝ» አለ። ጢሙን አይተው ልጆቹ ሳቁበት። ሲጠየቅ ይሳሳታል፤ ጉንፋን ግን ከዚያ ወዲህ ይዞት አያውቅም፤ ተሳስቶ እንደገና ይጀምራል። ለእናቱ ሙት ዓመት ወደ መንደሩ ሲሄድ ብቻውን ሊያነሣ የሚችለው ዜማ አንድ ብቻ ነበር። መቃብሯ አጠገብ ቆሞ እሱኑ አነሣ። ድምፁ እንደ ድሮው አላማረም፣ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ቀን ወደ ቀኙ አልዞረም።

መምህር አድማሱ የባቄላውን ልጣጭ ከጭናቸው ላይ አራግፈው አሁን ቀጥ ብለው አዩዋት።

«እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም እንደዚያ ሰው ነሽ። አእምሮዬ አይዝም ብለሽ ነው የመጣሽው። አእምሮሽን አትሚው፤ የሰጠሽው መልስ ነው፣ መልሱን ይዞልሻል። ደብሩ ትምህርት ቤትሽ ነው፤ መዘምራኑም ጓደኞችሽ ናቸው። ከሚያውቅ ልጅ በስተግራ ተቀምጠሽ፣ የመጀመሪያዋን መስመር እያሳለፍሽ ከሁለተኛዋ ገባሽ። ስታደርጊው አላየሁሽም። ግን ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር፣ የሠራ ተማሪ ‹ይህ ከየት መጣ› ብሎ ይጠይቀኛል፤ ‹ለማስታወስ ዘዴ አለ ወይ› የሚለኝ ያልሠራው ነው። ፈተናው ያቺ መንደር ነው፤ ወንዙ ይሞላል፣ በስተቀኝሽ ማንም አይኖርም። ከፈተናው ወዲያም ያለው ኑሮ እንዲሁ ነው። ነርስ ሁኚ፣ መሐንዲስ ሁኚ፣ አንድ ቀን አንቺን ብቻ ያመነ ሰው ወደ አንቺ ዞሮ ‹አንሺ› ይልሻል።»

«የቀረኝ ስድስት ሳምንት ነው» አለች ማኅደር።

«ሰውየው በዓመት አንድ ዜማ ነው ያወቀው። ስድስት ሳምንት ለስንት እንደሚበቃ አንቺው አስቢው፤ ሒሳብ ነው።»

ማኅደር አልሳቀችም። ባዶውን የባቄላ ቅርፊት በጣቷ ስትሰባብር ቆይታ «መምህር፣ ሐሙስ ዕለት ራሴን አላመመኝም ነበር» አለች።

«ሐሙስ ምን እንደነበረ አላውቅም» አሉ መምህር አድማሱ። የባቄላ ሳህናቸውን ይዘው ተነሡ። «ለእኔ መንገርሽ ምን ይሠራል? እኔ ዳሱ ውስጥ አልነበርኩም። ሰኞ ጠዋት ሂጂና ለነበሩት ንገሪያቸው። ከዚያ ጠመኔ አንሺና ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምረሽ ተሳሳቺ።»