ወደ ታንከሩ የተመለሰው ትራፊ

አንድ ባለፋብሪካ ነበረ። ጨርቅ የሚያነጣውን፣ ፐርኦክሳይድ የሚባለውን ፈሳሽ ያመርታል። ቆይ ይርዳው፣ አታቋርጠኝ! «አባቴ፣ ወንድሜን ይቅር ካልኩት በኋላ በደሉን አንዳንዴ ባነሳበት ምን አለበት?» ብለህ የለም እንዴ? ስትጠይቀኝ ይኸው ሦስተኛ ጊዜህ ነው። የነፍስ አባትህ ነኝና በቀጥታ ነገርኩህ፤ አልገባህም። እንግዲህ በዚህ ስማኝ።

ታንከሩን የምትጠብቅለት ስንዱ የምትባል ብርቱ ሴት ነበረች። በየጠዋቱ በጆግ ትቀዳለች፣ ጥንካሬውን ትመረምራለች፣ የተረፈውን ብዙ ውሃ ጨምራ ትደፋዋለች። ሕጉ ይኸው ነው፤ ከታንከሩ አንዴ የወጣ ጠብታ ተመልሶ አይገባም። ፈሳሹ ዝገትና ቆሻሻ ከነካው ይሞቃል፣ ይፈላል፣ ኃይሉ ጠፍቶ ተራ ውሃ ሆኖ ይቀራል።

ባለፋብሪካው ግን ሲደፋ ባየ ቁጥር አንጀቱ እርር ይላል። በችግር ያደገ ሰው ነው፤ የተረፈ ነገር መድፋት ለእሱ ነውር ነው።

«ከዚሁ የወጣ አይደለም እንዴ? ከራሱ ጋር ምን ያጣላዋል?» ይላታል።

«ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ልንገርዎት? ሲወጣ ንጹሕ ነበር፤ ውጭ ምን እንደነካው በምን ይታወቃል?»

«እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ማባከን ትወዳላችሁ።»

ወይ ጉድ! ምን ታድርግ? ትናንት የነገረችውን ዛሬም ነገም እየደገመች አፏ ዛለ። በመጨረሻ «በቃ፣ ለወለል ማጠቢያ ይሁነኝ» ሲላት እፎይ አለች፤ ትራፊውን ትሰጠው ጀመር። እሱም በዛገ የብረት ባልዲ ያጠራቅማል።

የዚያን ወር ምርት አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይጠብቅ ነበር። ካልደረሰለት ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ያኔ የባለፋብሪካው በር ይዘጋል፣ ስንዱም ከአርባ ሠራተኞች ጋር እንጀራዋን ታጣለች። ምርቱን የሚጭነው መኪና ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው እሷ ምሳ ወጣች። ሰውየው ባልዲውን አንጠልጥሎ መሰላሉን ወጣና የሳምንቱን ትራፊ ታንከሩ ውስጥ ገለበጠው።

ስትመለስ ታንከሩ በእጅ አይነካም፤ ከላዩ እንፋሎት ይወጣል። «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!» ብላ ጮኸች። የውሃውን ጎማ ከፍታ ስታቀዘቅዘው ዋለች። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። ሲበርድ አንድ የቆሸሸ ጨርቅ ነክራ አቆየችው፤ እንደገባ ወጣ። ውሃ ነበር።

«ትንሽ እኮ ነው የጨመርኩት» አላት።

ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጥታ ሄደች። ፋብሪካው ወር ሳይሞላው ተዘጋ።

ይርዳው፣ ያ ሰው አንተ ነህ። አዎ፣ አንተ! ወንድምህን ይቅር ስትለው ቂሙን ከልብህ አውጥተኸው ነበር። ከዚያ በልጅህ ክርስትና፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ያኔ ያደረግኸኝን አልረሳሁም» አልከው። ለቅሶ ቤት ስትገናኙ ደገምከው። ስትጠየቅ ደግሞ «ትንሽ ነው፣ ለቀልድ ነው» ትላለህ። ያወጣኸውን መልሰህ በጨመርክ ቁጥር ይቅርታህ ውሃ ይሆናል፤ ምንም አያነጻም። ወንድምህን ትናንት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አገኘሁት። «ከእንግዲህ እሱ ቤት እግሬ አይረግጥም» አለኝ። ታዲያ እዚህ ተቀምጠህ ምን ትጠብቃለህ? ተነሥ! ዛሬውኑ ደጁ ድረስ ሂድ። ስለ ድሮው ነገር ግን፣ በሞቴ፣ ትንፍሽ እንዳትል።