ያላስተኛው ክኒን

ወፍጮ ቤት የሚሠራ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ስሙን ልተወው፤ ብዙዎቻችን በእሱ ስም ብንጠራ ያስኬዳልና።

ይህ ሰው ዱቄት አይስማማውም። እንጀራው ከዱቄት፣ ሕመሙም ከዱቄት! ሲያስነጥስ ይውላል፤ ዓይኑ ይቀላል፤ አፍንጫው ይፈሳል። ለዓመታት የሚውጠው የአለርጂ ክኒን ነበረው። ክኒኑ ያሽለዋል፤ ግን እንቅልፍ ይጥለዋል። ስለዚህ የሚውጠው ሥራ በማይገባበት ቀን ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ፋርማሲ ሄዶ ችግሩን ተናገረ። ባለሙያዋ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ይኖርበት እንደሆነ ጠየቀችው። የለብኝም አላት። የማያስተኛውን ዓይነት ሰጠችው።

"በቀን አንድ ፍሬ ብቻ ነው የሚወስዱት። ከድሮው ጋር እንዳይደርቡት። ይኼም ቢሆን አንዳንድ ሰው ላይ ድካም ስለሚያመጣ፣ መጀመሪያ ሥራ በሌለዎት ቀን ይሞክሩት" አለችው።

እሺ አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

በማግስቱ ጠዋት አንዱን ዋጠና ሥራ ገባ። ሞተሩን አስነሣ፤ ጤፍ መፍጨት ጀመረ። አራት ሰዓት ሆነ። ዓይኑ አልከበደውም፤ አላዛጋም።

"ይኼ ነገር ውሃ ነው እንዴ?" ብሎ ሁለተኛ ጨመረ። እሱም አላስተኛው። ተናደደ። ከኮቱ ኪስ የድሮውን አወጣና በላዩ ዋጠ። "ይኼ እንኳ ሲሠራ ይታወቀኛል" አለ።

አምስት ሰዓት ላይ ቆሞ አንቀላፋ። እጁ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር ወደሚያገናኘው ቺንጋ ሄደ። ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት እትዬ የሺመቤት ጮኸው ኮቱን ይዘው ጎተቱት። ቺንጋው የእጅጌውን ጫፍ በጥሶ ወሰደ። እጁ ተረፈ። እኔ ይህን ስሰማ ደንግጬ የራሴን እጅ ነው ያየሁት።

ሞተሩ ጠፋ። ሰውየው ድንጋጤው ለቀቅ ሲያደርገው ያደረገውን ሁሉ ነገራቸው።

"ምን ላድርግ እትዬ፣ የጠዋቱ አልሠራ አለኝ።"

"አለመሥራቱን በምን አወቅህ?"

"አላስተኛኝማ!"

ትክ ብለው አዩት። "ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ተቀምጫለሁ። ለመሆኑ ዛሬ አንዴ እንኳ አስነጥሰሃል?"

ሰውየው አሰበ። አፍንጫውን ነካ። ደረቅ ነው።

ወገኖቼ፣ መድኃኒትስ እንደታዘዘላችሁ ውሰዱ፤ ሳትጠይቁ አትጨምሩ፣ አትደርቡ። ይህን ማንም ይነግራችኋል። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው።

ስትጸልዩ የምትጠብቁት ምንድን ነው? እንባ? መንቀጥቀጥ? ያ ሳይመጣ ሲቀር "እግዚአብሔር አልሰማኝም" አላችሁ? ከዚያስ ሌላ ጸሎተኛ፣ ሌላ ውሃ፣ ሌላ ዘይት ፍለጋ ሄዳችሁ?

ስንቶቻችሁ ናችሁ በየምሽቱ ቤተሰባችሁ ላይ ትጮኹ የነበራችሁ? ዛሬስ? ስንቶቻችሁ ናችሁ የጎረቤታችሁን ስም በክፉ ሳታነሡ ከአልጋ የማትወርዱ የነበራችሁ? መቼ ተዋችሁት? ቀኑን ታውቁታላችሁ? አታውቁትም። ምንም አልተሰማችሁማ!

እንግዲህ ጸሎቴ ሠርቷል ወይ ብላችሁ ስትጠራጠሩ፣ ደረታችሁን አትዳብሱ። ቤት ግቡና አብረዋችሁ የሚኖሩትን ጠይቁ። ምን እንደተዋችሁ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።