ቅል የሰቀለችው ቀበሮ

አንድ ጊዜ ቀበሮ ከዛፍ ዛፍ ሐረግ ዘርግታ በየዛፉ ላይ ቅል አንጠለጠለች። በአንዱ ቅል የተንሾካሾከ በሁሉም ይሰማል። ጫካው ጉድ አለ! ዝንጀሮ ሐሜቱን፣ ጦጣ ቀልዷን በቅል አደረጉት። ቀበሮም ከየቤቱ ምርጥ ምርጡ እየተላከላት ወፈረች።

ከሁሉም የምትደመጠው ግን ወንዝ ዳር የምትኖረው ጅግራ ነበረች። ማለዳ ማለዳ «ዛሬ ወደ ወንዝ አትውረዱ፤ ዘብ የተባለው አያ ጅቦ ግልገል በልቷል» ትላለች። የአህያ ውርንጭላ የተረፈችው በዚህ ወሬ ነውና አህያ ጅግራን እንደ እህቱ ይወዳታል።

ጅብን ዘብ ያደረገው ንጉሡ አንበሳ ይህን ሲሰማ አገሣ። ቀበሮን አስጠርቶ «ከወንዙ ወሬ እንዳይወጣ! ተናጋሪዋንም አሳዪ፤ አለዚያ ሐረግሽን እበጥሰዋለሁ» አላት።

ቀበሮ አላንገራገረችም። የወንዙን ቅል በጭድ ወተፈችው። የትኛው ድምፅ ከየትኛው ዛፍ እንደሚነሣ የምታውቀው እሷ ብቻ ናትና የጅግራን ዛፍ ለጅብ አሳየችው። ጅግራም ተይዛ ዋሻ ገባች፤ በሩም በእሾህ ተዘጋባት።

አህያ አገሩን ዋርካ ሥር ለአውጫጭኝ ሰበሰበ። በአውጫጭኝ ወግ በደለኛው ሳይለይ ወደ ቤት መሄድ የለም። አንበሳ «ንጉሥ አይጠየቅም» ብሎ ቀረ።

«ጅግራን ያስያዘ ማነው?» አለ አህያ።

ቀበሮ ጭራዋን አስተካክላ «በመታሰሯ ከልብ አዝናለሁ» አለች። «እኔ ግን ቅል ሰቃይ ብቻ ነኝ።»

ሞኙ ጅብ ያመሰገናት መስሎት «ዕድሜ ለእመት ቀበሮ!» አለ። «ዛፉን ባታሳየኝ በየት አገኛት ነበር?»

ጉባኤው ሁሉ ወደ ቀበሮ ዞረ። እሷ ግን አላፈረችም። «ሕግ አክብሬ ነው። እምቢ ብል ቅሎቹ ሁሉ ይወርዱ ነበር። ያኔ በምን ልታወሩ ነው?»

አህያ ተንገሸገሸ። «አፋችንን ወትፈሽ ስለ ምን እናውራ? ስለ ዝናብ?»

«ወንድሜ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማህም? አርፈህ ሣርህን ጋጥ።»

በደለኛዋ ተለየች። ግን ቅሉን ማን ይተው? ሐሜቱ ይጣፍጣላ! ሁሉም አጉረምርሞ ወደየቅሉ ተመለሰ። አህያን ከቀበሮ ይልቅ ያንገበገበው ይሄ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀበሮ ከጉብታዋ ላይ ሆና ልጇ ወንዝ ዳር ውኃ ስትጠጣ፣ ጅብም ከኋላዋ ሲያደባ አየች። ወደ ቅሏ ሮጣ «ልጄ፣ ሽሺ! ጅብ መጣብሽ!» ብላ ጮኸች። ደግማ ደጋግማ ጮኸች። የወንዙ ቅል ግን ራሷ በወተፈችው ጭድ እንደታፈነ ነው። ልጇ ቀና እንኳ አላለችም።

ቀበሮ ስትደርስ ጅብ አፉን ይልስ ነበር። መንገድ ላይ አህያን አግኝታ እያለቀሰች «ጅብ ዛሬ ወንዝ ዳር እንደዋለ እንዴት ማንም አይነግረኝም?» አለችው።

አህያ ሊሰድባት ፈለገ፤ ልቡ ግን እምቢ አለው።

«የምትነግርሽማ ዋሻ ውስጥ ናት» አላት። «ጅብን ወደ ዛፏ የመራሽው አንቺ ነሽ።»

ከዚህ የምንማረው የሌላውን ድምፅ ላድርስ ብሎ የተነሣ ሁሉ ተናጋሪውን አሳልፎ ከሰጠ በኋላ «ሕግ አክብሬ ነው» ቢል ከበደሉ እንደማይነጻ፣ ያፈነው ድምፅም አንድ ቀን ለራሱ እንደሚያስፈልገው ነው።