የግመል ጭነት

ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ አትቸኩሉ። የዛሬው በረት የላም ብቻ አይደለም፤ የአህያም፣ የበግም፣ የጎሽም፣ የሚዳቋም ነው። ከጉብታ ላይ የተሠራ፣ ዙሪያውን በግራር እሾህ የታጠረ ሰፊ በረት ነበር። አንበሳው የሚገዛው አገር ይኸው ነው።

አገሩ ሕግ ነበረው። ከአጥሩ ውስጥ ማንም ማንንም አይበላም። ሕጉ አንድም ቀን ተጥሶ አያውቅም። አንበሳውም በየስብሰባው፣ «በእኔ ዘመን ከአጥር ውስጥ የተበላ ካለ ይነሳና ይናገር» ይል ነበር። ተነስቶ የተናገረ የለም። ከአጥሩ ውጪ ያለው ግን የሚተዳደረው በጫካው ሕግ ነው፤ የጫካውን ሕግ ደግሞ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከአጥር ውስጥ ለማደር ሥራ ያስፈልጋል። ቀን ሥራውን የሠራ ማታ በበሩ ይገባል፤ ያልሠራ ውጪ ያድራል። እሱስ ባልከፋ፤ ነገር ግን አጥሩ ራሱ ከዓመት ዓመት ይጠብ ነበር። የአጥር ሹሙ ጅብ ነው። ጅብን ማን የአጥር ሹም አደረገው ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ፤ እነሱም አልጠየቁም። ሹሙ እሾህ እየጠፋ ስለተቸገረ እንጂ ለሚመጣው ዓመት እንደሚያሰፋው በየዓመቱ ይናገራል። እንስሳቱም ለሚመጣው ዓመት እያሉ፣ ጎን ለጎን ተጣበው ማደር ለመዱ።

የአህዮቹ ሥራ ከወንዝ ወደ ጉብታው ውሃ ማመላለስ ነው። ጦጣዎች በስልቻ ይሞሉላቸዋል፣ ሁለት ሁለት አድርገው ይጭኑላቸዋል። ስልቻዎቹ ከማን ቆዳ እንደተሰፉ ማንም አያነሳም።

ከአህዮቹ መሃል እመት ዳለቻ የምትባል እናት ነበረች። ባሏ አያ ጫንያለው በጉልበቱ የታወቀ፣ በቶሎ ቱግ የሚል ነው። ስለ አህያ ባል የሚባለውን ታውቃላችሁ፤ እሱ ሲሰማው ደሙ ይፈላ ስለነበር እኔም አልደግመውም። ዘንድሮ ውርንጭላ ወልደዋል። ዳለቻ በዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ልጅ ከአጥር ውጪ የሚያድርበትን ማታ። ውሃ ስትጭን ታስበዋለች፣ ሳር ስትግጥ ታስበዋለች፣ እንቅልፍ ሲወስዳትም በሕልሟ ይመጣባታል።

በዚያው ዓመት ከወንዙ ማዶ፣ ድርቅ ከመታው ቆላ፣ ግመሎች መጡ። ከስተዋል፣ ልጆቻቸውን አስከትለዋል። ሹሙ አያቸውና ደስ አለው። አራት ስልቻ ይጭኗቸዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ልረፍ አይሉም፤ ውሃ ተሸክመው እንኳ እንጠጣ አይሉም። አንድ ግመል በበሩ በገባ ቁጥር ሁለት አህያ «ለጊዜው ሥራ የለም» ይባላል። ለጊዜው የተባሉት ውጪ ያድራሉ፤ ጠዋት ሲጠሩ አንዳንዱ አይመልስም። የዳለቻ ጎረቤት ሻሽቱ ወጥታ ባደረች በማግስቱ ከአጥሩ ሥር ሰኮናዋ ብቻ ተገኘ። አህዮቹ ተሰብስበው አለቀሱና «ግመል በላት» አሉ። ግመል ሥጋ ሲበላ ያየ ባይኖርም፣ የሚለው ስለበዛ እውነት መሰለ።

ዳለቻ አንድ ቀን ከወንዙ ዳር ከአንዲት ግመል ጋር ተገጣጠመች። ሰላምታ እንኳ አልሰጠቻትም።

«እናንተ ባትመጡ ጎረቤቴ አትሞትም ነበር» አለቻት።

«ልክ ነሽ እህቴ» አለች ግመሏ። «ባንመጣ የምንሞተው እኛ ነበርን።»

«ሁለት ይበቃኛል ብትዪ ምናለበት? አራት ተሸከሚ ብሎ ማን አስገደደሽ?»

«ደስ ብሎኝ የምሸከም መሰለሽ? ማታ ልጄን ይዤ በበሩ ልግባ ብዬ ነው። ጀርባዬን እዪው እስቲ።»

ዳለቻ አየችው። ጠጉሩ ተልጦ ሥጋው ቀልቷል፤ ዝንብ ወሮታል። «ታዲያ እምቢ በያቸው» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አንቺ እምቢ ብለሻቸው ታውቂያለሽ?»

ዳለቻ አፈረች፤ ስላሳፈረቻትም ከቀድሞው ይልቅ ጠላቻት። እንዲህ ያለ ነገር በእንስሳ ዘንድ አለ።

ምርጫ ደረሰ። አዎ፣ በዚያም አገር ምርጫ ነበር፤ ምን ያስቃችኋል? በምርጫ ቀን የሚወዳደሩት ከሜዳው ይቆማሉ፣ እንስሳው ከፈለገው ኋላ ይሰለፋል፣ ሰልፉ የረዘመለት ይገዛል። ተወዳዳሪው ማን ከኋላው እንደቆመ ዞሮ ማየት ነውር ነው። አንበሳው ነውር አይሠራም፤ ዞሮ የሚያይለት ጅቡ ነው። በዚያ ዓመት ከአንበሳው ጋር የተወዳደረው ሽማግሌው ጎሽ ነበር። ሌላ የደፈረ አልተገኘም።

ከምርጫው በፊት በነበረው ስብሰባ መጀመሪያ ጎሹ ተናገረ። አንደበቱ ሻካራ ነው፤ ነገር ማሳመር አይችልም።

«ወገኖቼ፣ እኔ ጥጃ ሳለሁ ወንዙ ከአጥሩ ውስጥ ነበር። ዛሬ ወንዙ ውጪ ነው። ግመሎቹ የመጡት ዘንድሮ ነው፤ አጥሩ መጥበብ የጀመረው ግን ግመል የሚባል ሳናይ ነው። ታዲያ አጥሩን ወደ ውስጥ የሚገፋው ማነው? ብትመርጡኝ አጥሩን እስከ ወንዙ እመልሰዋለሁ። ቦታው ለግመሉም ለአህያውም ይበቃል። ውስጥ ለማደር አንዱ ሌላውን መግፋት አይኖርበትም።»

ዳለቻ እናቷም ስለ ወንዙ እንዲሁ ስትል ትዝ አላት። ጎረቤቶቿን ብታይ ሁሉም የሚያየው ጎሹን አይደለም፤ ጅቡን ነው። ጅቡ በእሾህ ጥርሱን እየጎረጎረ ነበር።

ከዚያ ጅቡ ቀስ ብሎ ተነሳ። «አያ ጎሽ ስለ አጥር ተናገሩ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ይናገሩ። እኔ ስለ ልጆቻችሁ ልናገር። እነዚህ ግመሎች አንገታቸው ረጅም ነው፤ ቆመው ከአጥሩ በላይ ያያሉ። ምንድነው የሚያዩት? ለማን ነው የሚያዩለት? እኔ አላውቅም። እናንተስ ታውቃላችሁ?»

በጎቹ ተንጫጩ። አንዲት በግ ግመል ሌሊት አንገቱን አውጥቶ ጫካውን ሲጠራ ሰምቻለሁ አለች፤ ሌላዋም እኔም ሰምቻለሁ አለች።

«ደግሞ እንዳትቀየሙኝ እንጂ» አለ ጅቡ ወደ አህዮቹ ዞሮ፣ «ግመል ለምን ተቀጠረ ሲባል፣ አህያ ሰንፏል ይባላል። እኔ አላልኩም። ይባላል።»

ጫንያለው ቱግ አለ። «ማነው ያለው? ስሙን ይጥሩልኝና ልወቀው» ብሎ እየተራገጠ ከመሃል ገባ። «እናንተ ጦጣዎች፣ ኑ፤ አራት ጫኑብኝ።»

«ተው አንተ፣ ለማን ብለህ ነው?» አለችው ዳለቻ። አልሰማትም።

ጫኑበት። ጫንያለው አራቱን ስልቻ ተሸክሞ ሜዳውን ዞረ። አህዮቹ እልል አሉ፣ በጎቹ እልል አሉ፣ ከዛፍ ላይ ያሉት ጦጣዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ዳለቻ ግን የባሏን ጉልበት ነበር የምታየው፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀና ስትል ጅቡም የሚያየው ያንኑ ጉልበት ነው።

«የአገር ልጅ ማለት ይህ ነው» አለ ጅቡ። «እንዲህ ያለ አህያ እያለን ግመል ምን ያደርግልናል?»

ያን ጊዜ አንበሳው ከተኛበት ተነስቶ፣ ከተመረጠ በማግስቱ ግመል የሚባል ከአጥሩ እንደሚወጣ ቃል ገባ። ስለ አጥሩ ምንም አላለም፤ ስለ አጥሩም ከዚያ በኋላ የጠየቀው የለም።

የምርጫው ቀን ማለዳ ዳለቻ ውርንጭላዋን ይዛ ወደ ሜዳው ወረደች። ከጎሹ ኋላ ጥቂት ሚዳቋዎችና አንድ ዕውር በሬ ቆመዋል። ጎሹ እውነቱን እንደተናገረ ታውቃለች። ጫንያለው ደረቱን ነፍቶ ወደ አንበሳው ሰልፍ አለፈ። እሷ በሁለቱ መሃል ቆመች። ጅቡ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ያያል፤ ዓይኑ ከእሷ ወደ ውርንጭላው ወረደ፤ ከዚያም ፈገግ ብሎ አንገቱን ነቀነቀላት፣ እንደ ዘመድ። ዳለቻ ፈራች። ሌላ ምክንያት አልነበራትም፤ ፈርታ ሄዳ ከአንበሳው ኋላ ተሰለፈች።

አንበሳው አሸነፈ። በማግስቱ ለጎሽ የሚሆን ሥራ እንደሌለ ለሽማግሌው ጎሽ ተነገረው። ግመሎቹም በጠራራ ፀሐይ ተነድተው ወጡ። ያቺ ግመል ልጇን ከጎኗ አድርጋ በዳለቻ ፊት ስታልፍ አንዴ አየቻት። አልተሳደበችም፣ አልለመነችም። ዳለቻ ጆሮዋን ጥላ መሬት መሬት አየች። ያን ዕለት ማታ ለግመሎቹ ተለቆ የነበረው ቦታ ባዶ ስለሆነ አህዮቹ እንደልባቸው ተዘርግተው አደሩ፤ ጥሩ እንቅልፍም ተኙ።

ሲነጋ ወደ ወንዙ ወረዱ። ጦጣዎቹ ሁለቱን ስልቻ ጭነው ሦስተኛውን አነሱ።

«እኛ ሁለት ነው የምንሸከመው» አለች ዳለቻ።

ጅቡ ከቋጥኝ ላይ ሆኖ መለሰላት። «ነበር፣ እመት ዳለቻ። ነበር። ጫንያለው አራት ተሸክሞ አገር ሁሉ እልል ሲል እርስዎም ነበሩ። ለባዕድ የተቻለው ለአገር ልጅ ካልተቻለ ለናንተው ስድብ አይሆንም? እኔ ሰነፍ ናችሁ ሲባል መስማት አልወድም።»

ዳለቻ ወደ ባሏ ዞረች። «ንገራቸው እንጂ። አንተ ንገራቸው። ለዚያች ለአንድ ዙር ነበር በላቸው።» ጫንያለው ከዚያች ቀን ወዲህ ወገቡ አብጦ፣ ሌሊቱን ሲያቃስት ያድር ነበር። ለእሷ እንጂ ለሌላ አልተናገረም። አሁንስ በአገር ፊት ከተጨበጨበለት በኋላ አልችልም የሚለው እንዴት ነው? አራቱን ጫኑበትና ሄደ።

ከዳገቱ ግማሽ ሳይደርስ ጉልበቱ ከዳው። ስልቻው ፈነዳ፤ ውሃው ቁልቁል እየፈሰሰ ሄደ። ከኋላው የነበሩትም አንድ ባንድ ተንበረከኩ። ዳለቻ ከሁሉም አልፋ ሄደች፤ በሩ እስኪታያት ድረስ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ግን እግሯ እምቢ አለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አህዮቹ እየተጎተቱ ሲመጡ ሹሙ ከበሩ ላይ ቆሞ አየ። ጭነቱን ያደረሰ አንድም አህያ አልነበረም። «ነገ ትበረታላችሁ» አለ በሚያሳዝን ድምፅ። ዳለቻ ውርንጭላውን እየገፋች ቀረበች።

«እሱ እንኳ ይግባ፤ ገና ጡት የሚጠባ ነው» አለችው።

«ታዲያ ውስጥ ገብቶ ማንን ሊጠባ ነው?» አለና በሩን ዘጋ።

ውጪ የቀሩት ተያዩ። አህዮቹ ሁሉ አሉ፤ ያን ዕለት ሥራ የለም የተባሉት ላሞች፣ በጎችና ሚዳቋዎችም ሁሉ አሉ፤ ጎሹም አለ። እንዲህ ብዙ መሆናቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ውስጥ የቀሩት አንበሳው፣ የሹሙ ዘመዶችና ጦጣዎቹ ብቻ ናቸው። ጫንያለው ጥግ ይዞ ወድቋል፤ ማንንም ቀና ብሎ አያይም።

«ወገኖቼ፣ ፊታችሁን ወደ ጫካው አድርጉ» አለ ጎሹ። «ልጆቹን ከመሃል አስገቡ። እኔ ቀንድ አለኝ፣ እናንተ ሰኮና አላችሁ። ጀርባ ለጀርባ ገጥመን ከቆምን—»

ከጫካው የሚመጣውን ለመስማት ሁሉም ጆሮውን አቆመ። ጫካው ጸጥ ብሏል። ድምፅ የሰሙት ከኋላቸው ነው፤ የበረቱ በር ሲጢጥ አለ።

መጀመሪያ ጅቡ ወጣ፣ ቀጥሎ ዘመዶቹ፣ በመጨረሻም አንበሳው። ጅቡ ሕግ እንዳይጣስ በሩን ከኋላቸው በጥንቃቄ ገጠመው። ከዚያ ወደ እነሱ ዞሮ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «እንደምን አመሻችሁ?» አለ።

ልማድ ሆኖባቸው ፊታቸውን ወደ እሱ መልሰው በአንድ ድምፅ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አመሹ?» አሉት።

ዳለቻ አልመለሰችም። ውርንጭላዋን ከሆዷ ሥር አስገብታ፣ ለእርግጫ የኋላ እግሯን ወደ ሹሙ አዞረች። ሌሎቹም እንደ እሷ ይዞሩ እንደሆነ ግን ከቆመችበት ሆና ማየት አልቻለችም።