የእመት አህያ ሰልፍ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በዘገየበት ዓመት፣ በአንድ ቆላ አገር ወንዙም ምንጩም ደርቆ ሸንበቆ የበቀለበት አንድ ኩሬ ብቻ ቀረ። በኩሬው ዙሪያ የሚኖሩት አራዊት የሚተዳደሩት በውሃ አባት ነበር። የውሃ አባት ማለት ማን ቀድሞ ይጠጣ፣ ማን ይከተል፣ በየትኛው ሰዓት ይውረድ ብሎ የሚወስን ዳኛ ነው። ሹመቱ ለብዙ ዘመን የአንበሳ ነበር። አንበሳ ግን አረጀ፤ ዓይኑ ፈዘዘ፣ ጥርሱም ወላለቀ። በዚህ ጊዜ አራዊቱን ሁሉ በአንድ ዋርካ ሥር ሰበሰባቸውና እንዲህ አላቸው፦

«ልጆቼ፣ እኔ ደክሞኛል። ከእንግዲህ የውሃ አባታችሁን በየዓመቱ ራሳችሁ ምረጡ። የወደዳችሁት ተወዳዳሪ ኋላ ተሰለፉ። ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ሰልፍ መቀየር ይቻላል። ከዚያ በኋላ ከየሰልፉ አንድ አንድ እየወጣችሁ ወደ ዋርካው ትሄዳላችሁ። በመጨረሻ ቆሞ የሚቀረው ሰልፍ አሸናፊ ነው።»

ሁሉም በዚህ ተስማሙ። ወዲያውም ሁለት ተወዳዳሪዎች ተነሡ።

አንዱ ጎሽ ነበር። ጎሽ ብርቱ ነው፤ ተንኮልም አያውቅም። ነገር ግን ከቀንዱ በታች ያለውን አያይም። መንጋው ወደ ኩሬው ሲወርድ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ ከእግሩ ሥር የገባ ትንሽ ፍጥረት ካለ የራሱ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው አያ ጅቦ ነበር። «ወገኖቼ፣ በፀሐይ ተሰልፋችሁ ለምን ትቃጠላላችሁ?» እያለ በየጥሻው ይዞር ጀመር። «እኔን ከመረጣችሁ ሁላችሁም የምትጠጡት ጨለምለም፣ ቀዝቀዝ ሲል ነው።» ይህን ሲናገር ለሃጩን ደጋግሞ ይውጥ ነበር። ተኩላውና አሞራው ደገፉት። ጎሽ የገፋቸው ከርከሮዎችም በቂም ተከተሉት።

ሁለቱ ወገኖች እኩል ለእኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ጅብ መቁጠር ስለማይችል የሚቆጥርለት ቀበሮ ነበር።

«ትንሽ ትጎድላለህ» አለው ቀበሮ አንድ ቀን።

«ታዲያ ከጎሽ ሰልፍ ጥቂቱን ልብላ!»

«አንዱን ስትበላ ሌላው ሁሉ ወደ ጎሽ ይሸሻል። እኔ የተሻለ ነገር አለኝ። ሦስተኛ ተወዳዳሪ እናስነሣ። የሚከተሉት ከጎሽ የሚቀነሱ ይሁኑ።»

«ማን ይሆናል?»

«እመት አህያ።»

የአህያ ስም ሲጠራ የጅብ ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ልብላት?»

«አትበላትም! ትወዳደራለች» አለ ቀበሮ፣ በትዕግሥት።

እመት አህያ የነጋዴ አህያ ነበረች። የአሞሌ ጨው ስትሸከም ኖራ ጀርባዋ ሲገጠብ ነጋዴዎቹ መንገድ ላይ ጥለዋት ሄዱ። እሷም እየተጎተተች ኩሬው ዳር ደረሰች፤ ቁስሏ ሻረ፤ እዚያው ቀረች። የጎሽ መንጋ ሲመጣ ጥልቀት በሌለው በኩል ጎኗን ሰጥታ ትቆምና ትንንሾቹ በሆዷ ሥር ሾልከው እንዲያመልጡ ታደርግ ነበር። ስለዚህ ይወዷታል።

ቀበሮ በማለዳ መጣና እጅ ነሣት።

«እንደምን አደርሽ፣ እመት አህያ?»

«እግዜር ይመስገን፣ አያ ቀበሮ። ምን እግር ጣለህ?»

«የትንንሾቹ ግፍ እንቅልፍ ነሣኝ። ጎሽ ውሃ በወረደ ቁጥር ጭቃ ውስጥ የሚረገጠው ማን ነው? ጥንቸል፣ ጅግራ፣ ጃርት አይደለም? ስለ እነሱ ትንፍሽ ያለ አለ? እባክሽ አንቺ ተወዳደሪ።»

አህያ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ለጥንቸል ማዘን የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከትናንት ወዲህ» አለ ቀበሮ ሳያፍር።

እሱ ከሄደ በኋላ አህያ ትንንሾቹን ጠርታ የሰማችውን ነገረቻቸው።

«ቀበሮ የመጣው ለራሱ ብሎ ነው» አለች። «የተናገረው ነገር ግን ውሸት አይደለም። እኔን የቸገረኝ ይኸው ነው።»

ጥንቸል ወደ ፊት ወጣች። ባለፈው በጋ አንዲት ልጇ በጎሽ መንጋ እግር ሥር ቀርታባታለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ አታወራም ነበር።

«ተወዳደሪ» አለች። «ባናሸንፍም አንድ ቀን እንኳ በራሳችን ሰልፍ እንቁም።»

አህያም ተወዳዳሪ ሆነች። ወሬው ጎሽ ዘንድ ሲደርስ እየተንጎማለለ መጣ።

«እመት አህያ፣ አብደሻል?» አለ። «የሣር በላተኛውን ድምፅ ልትከፋፍይብን ነው? ድምፃችንን ለጅብ ልትሰጪው ነው?»

አህያ አፏን ሳትከፍት ጥንቸል ቀደመቻት።

«አያ ጎሽ፣ ባለፈው በጋ ልጄ ከእግራችሁ ሥር ሆና ስትጮኽ ድምጿን አልሰማችሁም። የእኛ ድምፅ ዛሬ የእናንተ የሆነው እንዴት ነው?»

ጎሽ በአፍንጫው ትንፋሹን ለቀቀና «ጅብ ሲበላችሁ ያን ጊዜ ታስታውሱኛላችሁ!» ብሎ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ይህ ቃል ግን ከአህያ ልብ አልወጣም። ጎሽ ትዕቢተኛ ይሁን እንጂ ስለ ጅብ የተናገረው እውነት ነበር። ትንንሾቹን ዝም ብላ ለጎሽ ብታስረክብ መረገጣቸው ይቀጥላል፤ በአቋሟ ብትጸና ደግሞ ጅብ ጨርሶ ይበላቸዋል። ሣሩን እየነጨች ታስባለች፤ የምትውጠው ግን አይጥማትም።

የምርጫው ቀን ደረሰ። አራዊቱ ከዋርካው ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ተሰለፉ። የጎሽ ሰልፍ ረጅም ነበር። የጅብ ሰልፍ ከእሱ በጥቂቱ ይረዝማል። በመካከላቸው አጭር ሰልፍ ታየ፤ ከአህያ ኋላ ጥንቸል፣ ጅግራዎች፣ ጃርት፣ ሚዳቋና ኤሊ ከነዘመዶቻቸው ቆመዋል። ጅግራዎቹ በራሳቸው ሰልፍ ቆመው ስለማያውቁ ላባቸውን አበጥረው ነበር የመጡት።

ጎሽ ሰልፎቹን በዓይኑ ለካና ላብ አጠመቀው። ቀበሮ ግን ፈገግ አለ።

«እመት አህያ፣ ጎበዝ ነሽ! እንዳትነቃነቂ!» ብሎ ከሩቅ ጮኸ።

«አዎ፣ እንዳትነቃነቂ!» አለ ጅብም ደስታው ፈንቅሎት። «ዛሬ ማታ ውሃ ስትወርጂ መጀመሪያ የምበ...»

ቀበሮ እግሩን ረገጠው።

«...የማጠጣው አንቺን ነው» ብሎ ጅብ ጨረሰ።

የአህያ ቆዳ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ተንቀጠቀጠ። ዞር ስትል የሰልፏ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ነው። ፀሐይም ወደ አናት እየተጠጋች ነበር። አህያ ሰልፏን ትታ በቀጥታ ወደ ጎሽ ሄደች።

«አያ ጎሽ፣ እኔ እንደማላሸንፍ አውቃለሁ። አንተም ያለ እነዚህ እንደማታሸንፍ እወቅ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ወደ እኔ አምጪያቸው!»

«በነጻ አይመጡም። ትንንሾቹ ማለዳ ይጠጡ፤ መንጋህ እነሱ ጠጥተው ሳይወጡ አይውረድ። በቃ፣ የምንለው ይኸው ነው።»

ከጎሽ ኋላ የቆሙት ወይፈኖች አጉረመረሙ። «ጎሽ ከጥንቸል በኋላ ሊጠጣ? ሞተን ነው!» አለ አንዱ።

ጎሽ ፀሐይን አየ። ጅብን አየ። ከዚያ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ያን ትልቅ ራሱን ዝቅ አድርጎ በአጭሩ ሰልፍ ውስጥ የቆሙትን አንድ በአንድ ተመለከታቸው።

«ልጇ የተረገጠችባት የትኛዋ ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች ጥንቸል።

«ለካ አንቺ ነሽ። አላወቅሁሽም።»

«ጠይቀህ አታውቅማ።»

ጎሽ ራሱን ቀና አደረገ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በአንበሳና በአራዊቱ ሁሉ ፊት፣ «ትንንሾቹ በማለዳ ይጠጣሉ! እነሱ ሳይወጡ ከመንጋዬ ውሃ የነካ ቢኖር ከእኔ ቀንድ ጋር ይነጋገራል!» አለ። ያጉረመረመው ወይፈን አንገቱን ደፋ።

አህያ ወደ ሰልፏ ተመለሰች።

«ሰምታችኋል» አለቻቸው። «እግሩ የየራሳችሁ ነው፤ እኔ አላዛችሁም። እኔ ግን ወደ ጎሽ ሰልፍ እሄዳለሁ።»

ጅግራዎቹ ተንጫጩ። ላባቸውን ያበጠሩት ለዚህ እንዳልነበረ ተናገሩ፤ ሆኖም እየተንጫጩም ቢሆን ተከተሏት። ጃርት ተከተለ። ሚዳቋም ተከተለች። ጥንቸል ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ቃሉን ሰማሁ» አለች። «ልቤ ግን ገና ነው።» ይህንም ብላ ከማንም ጋር ሳትሰለፍ ቁጥቋጦ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። አህያም አልነቀፈቻትም።

ኤሊ ከሁሉም መጨረሻ ተነሣ። እሱ ሲራመድ ፀሐይም ትራመዳለች። ቀበሮ ይህን አየና ሮጦ ከፊቱ ቆመ።

«ኧረ አባ ኤሊ! እንዲህ ተላልፎ መሄድ አለ? እንዴት ነህ? ሰንብተሃል? ቤተሰብ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ያ ያመመህ ጀርባ ተሻለህ? እማማስ ደህና ናቸው?»

ኤሊ በቀበሮ ጎን ታጥፎ አለፈ። «ሁሉም ደህና ናቸው፣ ይመስገነው። ሰላምታህን እየሄድኩም እሰማዋለሁ» አለው።

ቀበሮ የአክስቱንና የአጎቱን ጤና እየጠየቀ ከጎን ከጎኑ ሄደ። ኤሊ «ደህና፣ ደህና» እያለ ተራመደ። ልክ የሰልፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ አንበሳ «ፀሐይ አናት ላይ ናት! ማንም አይነቃነቅ!» ብሎ አገሳ። ቀበሮ ወደ ራሱ ሰልፍ በአንድ ዝላይ ተመለሰ።

ቆጠራው ተጀመረ። ጎሽና ጅብ ቀድመው ወጡ። ከርከሮና ሚዳቋ ወጡ። ተኩላና ወይፈን ወጡ። አሞራና ጅግራ ወጡ። ሁለቱም ሰልፎች እኩል እያጠሩ፣ እያጠሩ ሄዱ። አህያ ስትወጣ ወደ ኋላዋ ማየት ፈራች። በጅብ በኩል ቀበሮ ብቻ ቀረ። እሱም ከጃርት ጋር ወጣ።

ሜዳው ባዶ መሰለ።

አንበሳ በፈዘዘ ዓይኑ ግራና ቀኝ ፈለገ። በጎሽ በኩል መሬት ላይ አንድ ድቡልቡል ነገር አየና ተጠግቶ አሸተተው።

«ይህ ድንጋይ ነው ወይስ ድምፅ?» ብሎ ጠየቀ።

«ድምፅ ነኝ፣ አባታችን» አለ ኤሊ፣ አንገቱን አውጥቶ።

ሜዳው በእልልታ ተናወጠ።

«አሸነፍን?» አለ ጅብ ቀበሮን።

«ተሸነፍን።»

«ታዲያ አሁን አህያዋን ልብላት?»

«በጎሽ መንጋ መካከል ቆማለች፤ እንዴት አድርገህ?»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ስለማይወድ ቶሎ ጨረሰና «እንግዲያስ አንተን ነው የምበላው!» ብሎ ተነሣ። ቀበሮም አቧራውን እያቦነነ ጠፋ፤ ለብዙ ጊዜም በዚያ አገር አልታየም።

በማግሥቱ ማለዳ ትንንሾቹ ወደ ኩሬው ወረዱ። መጀመሪያ ላይ አላመኑም፤ አንድ ጊዜ ጎንጨት እያሉ ወደ ኋላቸው ይዞሩ ነበር። ከላይ፣ ከጉብታው ላይ፣ መንጋው ቆሞ ይጠብቃል። ወይፈኖቹ መሬቱን በእግራቸው ይጭራሉ፤ ጎሽ ግን ከፊታቸው ተጋድሞ እንደ አጥር ከልክሏቸዋል። ትንንሾቹ ጠግበው ሲወጡ መንጋው ወረደ፤ ውሃውም ለሁሉም በቃ።

እርግጥ ቃሉ ሁልጊዜ እንዲህ በቀላሉ አልተጠበቀም። አንዳንድ ማለዳ ወይፈኖቹ ሾልከው ለመውረድ ይሞክሩ ነበር። እንዲህ ሲሆን አህያ ኩሬው ዳር ቆማ አገር እስኪሰማ ታናፋለች፤ ጎሽም ነቅቶ ይመልሳቸዋል። እንደዚህ እያሉ በጋውን ዘለቁት። ዝናብም ጣለ፤ ከዚያም ሣሩ ለመለመ፣ ኩሬውም ሞላ።

ዓመቱ ዞሮ የምርጫው ወራት ሲቃረብ ጎሽ ማንንም ሳያስከትል ብቻውን ተነሣ። ወደ ወይፈኖቹም፣ ወደ አህያም አልሄደም። የሄደው ጥንቸል ወደምትኖርበት ቁጥቋጦ ነበር። እንዳያስደነግጣት እግሩን ቀስ እያደረገ ደረሰ።

«እንዴት ዋልሽ፣ እመት ጥንቸል። ዘንድሮስ ከእኔ ጋር ትሰለፊያለሽ?» አላት።

«ገና አላሰብኩበትም» አለች ጥንቸል። «ግን መጀመሪያ የምነግርህ ነገር አለኝ። ቁጭ በል።»

ጎሽም ጉልበቱን አጥፎ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ ጆሮውንም ወደ እሷ አዘነበለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ኃያላን እኩል ለእኩል ሲፋለሙ ነገሩን የሚቆርጠው የጥቂቶቹ እግር ስለሆነ፣ ትልቁ ትንሹን ሳይቸግረው በፊት ሊያዳምጠው፣ ትንሹም ለማን እንደሚቆምና ስለምን እንደሚቆም ሊያውቅ እንደሚገባ ነው።